ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ፣ አልትራሳውንድ ወይስ ራጅ? በጎጃም ላሉ ታካሚዎችና አስታማሚዎች የንጽጽር መመሪያ

ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከቡሬ ወይም ከዳንግላ ሪፈር ተጽፎለት የሚወጣ ታካሚ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «ሲቲ ስካን የት ነው የሚነሣው? ስንት ነው?» ብሎ ነው። ከሁለቱም የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሐኪሙ ምን ሊያይ ፈልጎ ነው? የምርመራ መሣሪያ የሚመረጠው በዚህ ጥያቄ እንጂ በትልቅነቱ ወይም በዋጋው አይደለም። የሐሞት ጠጠርን እንውሰድ። አንዳንድ የሐሞት ጠጠር በሲቲ ስካን ላይ ከሐሞቱ ተለይቶ አይታይም፤ በአልትራሳውንድ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ቤተሰብ በሬ ሸጦ ሲቲ ካስነሣ በኋላ «ጠጠር የለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ጠጠሩ ግን እዚያው ነው። በርካሹ መሣሪያ ቢታይ ኖሮ በ10 ደቂቃ ይገኝ ነበር።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ ማዘዣው ላይ የተጻፈው ጥያቄ ነው። «ሲቲ፣ ሆድ» ብቻ የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ታካሚን ራዲዮሎጂስቱ (ምስሉን የሚያነበው ሐኪም) በምን መንገድ እንደሚያነሣው ይቸገራል። «የቀኝ ጎን ሕመም፣ 3 ሳምንት፣ ሽንቱ ደም አለው፣ የኩላሊት ጠጠር ነው ወይ?» የሚል ማዘዣ ግን ያለ ኮንትራስት (ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) እና በአንድ ዙር እንዲነሣ ይመራል። ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ «ምን ተጠርጥሮ ነው? ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ውጤቱ ምንም ሆነ ምን ሕክምናው ያው ከሆነ ምርመራው ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። የተመታ ጭንቅላት ሰዓት አይሰጥም፤ ለዓመት የቆየ የወገብ ሕመም ግን ቀጠሮ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ጨረር ነው። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ያህል ጨረር ይሰጣል። የጭንቅላት ሲቲ 2 ገደማ፣ የደረት ሲቲ ከ6 እስከ 7፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ከ8 እስከ 10 ይደርሳል። ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሕዋ በተፈጥሮ የሚያገኘው በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ የሆድ ሲቲ የ3 ወይም የ4 ዓመት የተፈጥሮ ጨረር ያህል ነው ማለት ነው። በቂ ምክንያት ሲኖር ጥቅሙ ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣልና ማንም ፈርቶ ሊያስቀረው አይገባም። የሚያሳዝነው በከንቱ የሚደገመው ነው፤ ሲዲው ስለጠፋ፣ ማዘዣው ግልጽ ስላልሆነ፣ ወይም አንድ ዙር እየበቃ «ያለ ኮንትራስትም በኮንትራስትም» ተብሎ ሁለት ዙር ስለተነሣ ጨረሩ እጥፍ ይሆናል። ጨረሩ ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ የተነሣ ሰው ልጁን ቢያቅፍ ወደ ልጁ አይተላለፍም።

አራተኛው ኩላሊትና እንቅርት ነው፤ ወደ ኋላ በስፋት እንመጣበታለን። አምስተኛው ጠቅላላ ወጪው ነው። በስልክ የሚነገረው ዋጋ ብዙ ጊዜ የማንሻው ብቻ ነው። ኮንትራስቱ፣ ካኑላው (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ)፣ የክሬአቲኒን ምርመራው (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ፊልሙና ሲዲው፣ የሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ የማደሪያ ቤርጎ ሲደመሩ ሌላ ዋጋ ይሆናል። ሲደውሉ «ከኮንትራስቱና ከንባቡ ጋር ጠቅላላ ስንት ነው? ማሽኑ ዛሬ ይሠራል? ውጤቱ በስንት ሰዓት ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ማሽኑ መበላሸቱን ባሕር ዳር ደርሶ መስማት በጣም ከባድ ነው።

አልትራሳውንድ እና ራጅ

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፤ ርካሽ ነው፤ በብዙ የወረዳ ከተሞች ይገኛል። ሐሞት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ማሕፀንና ጽንስ፣ እንቅርት፣ በሆድ የፈሰሰ ውኃ ወይም ደም፣ በእግር ደም ሥር የረጋ ደም፤ ለእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው፤ በአየርና በአጥንት ውስጥ አያሳልፍም፣ ውጤቱም በሚያነሣው ሰው እጅ ይወሰናል። ለሐሞት ሲነሡ ከ6 ሰዓት ያላነሰ ጾሞ መሄድ ይገባል፤ የበላ ሰው ሐሞቱ ተጨብጦ ይጠብቃል። ለማሕፀንና ለፊኛ ግን ውኃ ጠጥቶ ሽንት ይዞ መሄድ ነው። ይህን አቀላቅለው ሄደው ቀኑ የሚባክንባቸው ብዙ ናቸው።

ራጅ ለስብራት፣ ለሳንባ ምችና ለሳንባ ነቀርሳ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። የነቀርሳ ጥርጣሬ የሚረጋገጠው በአክታ ምርመራ ስለሆነ ለሳል ብሎ ቀጥታ ወደ ሲቲ መሮጥ አያስፈልግም። ሆዱ ድንገት የተነፋ፣ ዓይነ ምድርም ፈስም የተከለከለ ታላቅ ሰው ሲመጣ ደግሞ በአገራችን በብዛት የሚታየው የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ብዙ ጊዜ በተራ የሆድ ራጅ ይለያል። እንዲህ ያለውን ሰው ሲቲ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ማዞር አንጀቱን ያስገድላል፤ ቦታው ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ነው።

ሲቲ ስካን

ሲቲ ስካን ራጅን በሰውነት ዙሪያ አዙሮ ውስጡን በስስ ቁራጭ ምስሎች የሚያሳይ ማሽን ነው። ጉልበቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ማንሣቱ ራሱ ሰከንዶች ይወስዳል፤ ከዝግጅቱ ጋር ከ10 እስከ 30 ደቂቃ። ትኩስ ደም፣ የተሰበረ አጥንት፣ ሳንባ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የካንሰር ስርጭት በደንብ ያሳያል።

በዱላ የተመታ ወይም በባጃጅ አደጋ የወደቀ ሰው ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ካስታወከ፣ ከ2 ሰዓት በኋላም ሙሉ በሙሉ ካልነቃ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለሲቲ ይላካል። በተለይ ነቅቶ ሲያወራ ቆይቶ መልሶ የሚያንቀላፋውን «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ማለት አደገኛ ነው፤ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ሕፃን ከሆነና ምልክቱ ቀላል ከሆነ ግን ሐኪሙ ለተወሰኑ ሰዓታት ተከታትሎ ሲቲውን ሊያስቀር ይችላል። ቸልታ አይደለም፤ ልጅን ከጨረር መጠበቅ ነው።

አፉ በድንገት የተጣመመ፣ አንድ እጁ የዛለ ወይም ምላሱ የተሳሰረ ሰው ስትሮክ ሊሆን ይችላል። «ምች ነው» ብሎ በዳማከሴ እያሹ ማሳደር ሰዓቱን ይበላዋል። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ባለበት ቦታ እንኳ የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አስፕሪንም ከሲቲ በፊት ቤት ውስጥ አይሰጥም፤ የፈሰሰ ደም ከሆነ ያባብሰዋል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ መያዝ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። የረጋ ደም ያመጣው ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሲቲ ላይ ላይታይ ስለሚችል «ንጹሕ ነው» ቢባል እንኳ ታካሚውን ይዞ ወደ ቤት መመለስ አይገባም።

ኤምአርአይ

ጨረር የለውም፤ የሚሠራው በማግኔት ነው። የጀርባ አጥንት መቅኔ፣ ዲስክ፣ የጉልበት ጅማት፣ የአንጎል ዕጢ ሲሆን ከሲቲ ይበልጣል። ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ይጠይቃል፤ ድምፁ ኃይለኛ ነው፤ ዋሻው ጠባብ ስለሆነ የሚጨነቅ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። በሰውነቱ ጥይት ወይም ፍንጣሪ የቀረበት፣ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት፣ ዓይኑ ውስጥ የብረት ብናኝ የገባበት ብየዳ ሠራተኛ ይህን ሳይደብቅ መናገር ግዴታው ነው፤ ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ አማራጩ ሲቲ ነው።

የወገብ ሕመም እዚህ ላይ ይነሣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት እሱ ነውና። በእርሻና በሸክም የመጣ የወገብ ሕመም አብዛኛው በ6 ሳምንት ውስጥ ያለ ምንም ፎቶ ይቀላል። እግር ከዛለ፣ ሽንት ከታገደ ወይም ካመለጠ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ግን አንድ ቀን አይታደርም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለበትም የጀርባ አጥንት ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት። ለእነዚህ ኤምአርአይ ይመረጣል፤ ሲቲ አጥንቱን እንጂ መቅኔውን በደንብ አያሳይም።

በኮንትራስት ወይስ ያለ ኮንትራስት?

ኮንትራስት አዮዲን ያለበት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ደም ሥሮችን፣ ዕጢንና ቁስለትን ያጎላል። ለኩላሊት ጠጠር፣ ለተመታ ጭንቅላት፣ ለስትሮክ የመጀመሪያ ምርመራ፣ ለአጥንት ስብራት አያስፈልግም። ለካንሰር፣ ለሆድ ውስጥ መግል፣ በሳንባ ደም ሥር ለረጋ ደም ያስፈልጋል፤ እነዚህን ርካሽ ነው ብሎ ያለ ኮንትራስት ማስነሣት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ተመልሶ መነሣት ይመጣልና።

ከመውሰድ በፊት የክሬአቲኒን ምርመራ የሚያስፈልገው ስኳር፣ የኩላሊት በሽታ ወይም ደም ግፊት ላለበትና ዕድሜው ለገፋ ሰው ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን ያታልላል። ክሬአቲኒን 1.2 ለ25 ዓመት ወጣት ወንድ የሚያሳስብ አይደለም፤ ያው 1.2 ለ75 ዓመት እናት ሲሰላ ኩላሊታቸው የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ50 ሚሊ ሊትር በታች መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ዕድሜና ጾታ ገብቶበት እንዲሰላ ይጠየቅ። የማጣራት አቅሙ ከ30 በታች ከሆነ ሐኪሙና ራዲዮሎጂስቱ ተነጋግረው ነው የሚወሰነው። ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታካሚ ኩላሊቱ ከደከመ መድኃኒቱን ለ48 ሰዓት አቁሞ ክሬአቲኒኑን ደግሞ ታይቶ ይጀምራል፤ ኩላሊቱ ደህና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማቆም አያስፈልገውም። ለወገብ ወይም ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን የሚወስዱም ይናገሩ፤ ከኮንትራስት ጋር ሲደራረብ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። የደም ግፊት ክኒን ግን በምርመራው ቀን አይቋረጥም።

እንቅርት በጎጃም ደጋ ብርቅ አይደለም። ኮንትራስቱ አዮዲን ስለሆነ እንቅርት ያለበት ሰው፣ በተለይ ጉብታ ጉብታ ያለው እንቅርት የቆየበት፣ ከሳምንታት በኋላ የታይሮይድ ሆርሞኑ ከልክ ሊያልፍ ይችላል፤ የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥ፣ መክሳት ይከተላል። ይህ ማለት ኮንትራስት አይወስድም ማለት አይደለም። ልቡ የሚመታበት፣ የሚያልበው፣ የከሳ ከሆነ አስቀድሞ የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዝለት ማለት ነው። እንቅርቱን ለማየት ብቻ ከሆነ ደግሞ አልትራሳውንድ ይበቃል፤ ሲቲ የሚመጣው እንቅርቱ ወደ ደረት ወርዶ የመተንፈሻ ቧንቧ ሲጫን ነው።

ከዚህ ቀደም በኮንትራስት ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ያጋጠመው፣ አስም ያለበትም ይናገር፤ ቀድሞ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ነፍሰ ጡር ወይም የወር አበባዋ የዘገየ ሴት ማንም ሳይጠይቃት ትናገር። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካለ ሲቲ አይከለከልም፤ አለዚያ ግን አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ይቀድማል። የምታጠባ እናት ማጥባቷን መቀጠል ትችላለች።

ጾምን በሚመለከት፤ ብዙ ማዕከላት 4 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይበሉ እንዲመጡ ያዝዛሉ። ውኃ ግን አይከለከልም፤ እንዲያውም ኩላሊትን የሚጠብቀው እሱ ነው። በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉ አባቶችና እናቶች በዚያው ደረቅ ጉሮሮ ኮንትራስት ሲወስዱ ኩላሊታቸው ሊጎዳ ይችላል። ቀጠሮውን ሲይዙ ለንስሐ አባታቸው ነግረው ውኃ መጠጣት፣ ወይም ምርመራው የማይቸኩል ከሆነ ጾሙ ሲፈታ ማድረግ ይሻላል። ማስተኛ መድኃኒት የሚሰጠው ሕፃን ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ለእሱ ጠጣር ምግብ ከ6 ሰዓት፣ የእናት ጡት ከ4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማል።

ክፍሉ ውስጥ

የአንገትና የጭንቅላት ሲቲ የሚነሣ ሰው ማተቡን ይቁረጥ አይባልም። ክሩ ምስሉ ላይ ምንም አያደርግም። የሚያስቸግረው በክሩ ላይ ያለው የብረት ወይም የብር መስቀል ነው፤ ምስሉ ላይ እንደ ጨረር የተበተኑ ነጭ መስመሮች ይሠራና ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል። ክሩን አላልቶ መስቀሉን ከሚነሣው ቦታ ማራቅ ወይም ለአስታማሚ መስጠት ይበቃል። በቆዳ የተሰፋ ክታብም ውስጡ ብረት ካለው እንዲሁ። ጉትቻ፣ የፀጉር ጌጥ፣ የሚወልቅ ጥርስ አስቀድሞ ይውለቅ።

ኮንትራስት ላለው ምርመራ ካኑላ በክንድ መታጠፊያ ይገባል። መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነት በሙቀት ይሞላል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል። አላመለጠም፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ክንዱ ላይ ሕመምና እብጠት ከተሰማ ግን ወዲያው ይጮህ፤ መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። «ትንፋሽ ያዙ» ሲባል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከመግባት በፊት ውጭ ሁለት ሦስት ጊዜ መለማመድ ይረዳል። አንዳንድ ማሽን ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ባለሙያው በአማርኛ እንዲል አስቀድሞ ይነገረው። ጆሮው የከበደ አባት ካለ ደግሞ በምልክት መስማማት ይቻላል።

ከወጡ በኋላ ካኑላው ሳይነቀል 30 ደቂቃ መቆየት ነው። ከባድ አለርጂ አብዛኛው በዚህ ጊዜ ይታያል፤ ከመናኸሪያ መኪና ውስጥ ሆኖ ቢመጣ ማን ይደርሳል? ሽፍታ ከቀናት በኋላም ሊወጣ ስለሚችል እስከ አንድ ሳምንት ይከታተሉ።

በአንድ ዓይን

| | አልትራሳውንድ | ራጅ | ሲቲ ስካን | ኤምአርአይ |
|---|---|---|---|---|
| በደንብ የሚያሳየው | ሐሞት፣ ጽንስ፣ እንቅርት፣ ፈሳሽ | ስብራት፣ ሳንባ፣ የተጠመዘዘ አንጀት | ትኩስ ደም፣ የኩላሊት ጠጠር፣ ሳንባ፣ የካንሰር ስርጭት | መቅኔ፣ ዲስክ፣ ጅማት፣ የአንጎል ዕጢ |
| የሚያመልጠው | ከአየርና ከአጥንት ጀርባ ያለ | ለስላሳ አካል | አንዳንድ የሐሞት ጠጠር፣ ገና የጀመረ ስትሮክ | ለድንገተኛ ጉዳት ይዘገያል |
| ጨረር በሚሊሲቨርት | የለም | ደረት 0.1 | ከ2 እስከ 10 | የለም |
| የሚወስደው ጊዜ | ከ10 እስከ 20 ደቂቃ | ጥቂት ደቂቃ | ከ10 እስከ 30 ደቂቃ | ከ20 እስከ 45 ደቂቃ |
| ወጪ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ከሁሉ ከፍተኛ |
| ሊነገር የሚገባው | ለሐሞት መጾም | እርግዝና | እርግዝና፣ ኩላሊት፣ እንቅርት፣ አለርጂ | ጥይት፣ ፍንጣሪ፣ የልብ መሣሪያ |

ለማን የቱ፣ የትስ?

አቅሙ ውስን የሆነ ሰው በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ ይጀምር፤ እነዚያ ካልመለሱለት ሐኪሙ ለሲቲ ይላከው። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አባል ከሆነ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ የሪፈሩን ሰንሰለት ሳይዘል ይሂድ፤ ሽፋኑ እስከ ምን እንደሚደርስ በሆስፒታሉ የመድኅን ክፍል አስቀድሞ ይጠይቅ። የሆስፒታሉ ማሽን ተበላሽቶ ወደ ግል ከተላከ «አገልግሎቱ የለም» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀትና ደረሰኙን ይያዝ።

ድንገተኛ ጉዳት ከሆነ ምርጫው ቅርብ ያለው የሚሠራ ማሽን ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመሐል የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። አንጎሉ ውስጥ ደም ለሚፈስ ሰው የተሻለ ማሽን ፍለጋ ይህን መንገድ መጀመር ዋጋ ያስከፍላል። የማይቸኩል ከሆነ ግን ባሕር ዳርና አዲስ አበባን በጠቅላላ ወጪ ማወዳደር ይቻላል።

«ባለ ስንት ስላይስ (ማሽኑ በአንድ ዙር የሚያነሣቸው ቁራጭ ምስሎች ብዛት) ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚረባው ለተወሰኑ ምርመራዎች ነው። ለጭንቅላት፣ ለሳንባ፣ ለኩላሊት ጠጠር፣ ለተለመደ የሆድ ምርመራ ባለ 16 ስላይስ ይበቃል። የልብ ደም ሥር ለማየት ግን 64 ወይም ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ለሌላው ሁሉ ከስላይስ ቁጥር ይልቅ የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ይበልጣል፤ አንድ ብር ትርፍ ካለ ለእሱ ንባብ ይዋል።

ሲወጡ የተፈረመ የጽሑፍ ውጤትና ሲዲ ይጠይቁ። ፊልም የተመረጡ ጥቂት ምስሎች ናቸው፤ ሲዲው ግን ሁሉንም ይይዛል፤ ሌላ ሐኪም ሲያስፈልግ እንደገና ከመነሣት ያድናል። ፊልሙን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለሐኪም መላክ ትንንሽ ነገሮችን ያጠፋል። ከሆስፒታሉ ግቢ ሳይወጡ ሲዲው በኮምፒውተር ተከፍቶ ስሙና ቀኑ መታየቱን፣ ባዶ አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ከደጀን ወይም ከሞጣ ለባዶ ሲዲ መመለስ የአንድ ቀን ሥራና የሁለት ሰው መሳፈሪያ ይበላል።